ፍሌግሞን፦ በግኗል፣ ግን አልቋጠረም

ጥያቄው፦ «ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። ሆዱን ካመመው በ6ኛው ቀን ከአጋሮ ጅማ አምጥተነው ተኝቶ እየታከመ ነው። የአልትራሳውንድ ወረቀቱ ‹የትርፍ አንጀት ፍሌግሞን› ይላል። አንዱ ሐኪም ብግነት ነው አለን፣ ነርሷ እብጠት ነው አለችን፣ ዘመዶቻችን ደግሞ ‹እጢ ነው፣ ደብቀዋችሁ ነው› ይሉናል። እኛ የምናውቀው ትርፍ አንጀት የያዘው ሰው በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ሲደረግ ነው። እሱ ግን ከገባ 4ኛ ቀኑ ነው፣ በደም ሥር መድኃኒት ብቻ ይሰጡታል። ፍሌግሞን ማለት ምንድን ነው? ለምንስ ኦፕራሲዮን አያደርጉትም?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳዎትን ነገር ልመልስ። ፍሌግሞን ካንሰር አይደለም። ሐኪሙም ነርሷም አልዋሿችሁም፤ አንዱን ነገር በተለያየ ስም ነው የነገሯችሁ። እኔ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ጅማ ነው። ይህችን ቃል ለአስታማሚ ሳላስረዳ የማልፈው ሳምንት ጥቂት ነው። ወንድምዎን አላየሁትም፣ ስለዚህ የሚያክመውን ሐኪም ተክቼ አልናገርም። ቃሉ ምን እንደሚል፣ ሐኪም ያንን ቃል ሲጽፍ ምን እያሰበ እንደሆነ ግን ልነግርዎ እችላለሁ።

በአጭሩ፦ ፍሌግሞን ማለት በግኖ፣ አብጦና ደድሮ፣ ነገር ግን ገና መግል ያልቋጠረ የሰውነት ክፍል ነው። የወንድምዎ ሕክምና ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚገባዎት «ያልቋጠረ» ከሚለው ቃል ነው።

ቃሉ የግሪክ ነው፤ መነሻው መቃጠል የሚል ግስ ነው። የጥንት ግሪኮች ማንኛውንም የቀላና የጋለ እብጠት በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። የእኛ «ብግነት» ደግሞ የመጣው «በገነ» ከሚለው ነው። «አንጀቴ በገነ» የሚል ሰው ውስጤ ነደደ ማለቱ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ነገር አይተው አንድ ስም አወጡለት፣ እሳት ብለው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የጻፈው ኬልሰስ የብግነትን ምልክቶች አራት ብሎ ቆጥሯቸዋል፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና መታመም። በላቲን ማበጥ «ቱሞር» ይባል ነበር። ልብ ይበሉ፣ ዛሬ ሁሉም ሰው ሲሰማው የሚደነግጥበት ቱሞር የሚለው ቃል መጀመሪያ እብጠት ማለት ብቻ ነበር። የእኛም «እጢ» ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በአንገት፣ በብብትና በንፍፊት ቦታ ሁላችንም የተፈጥሮ እጢዎች አሉን፤ ሰው ግን እጢ ሲባል የሚሰማው ካንሰር ነው። ዘመዶቻችሁን የገባቸው ፍርሃት የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። በሆድ ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ ጠጣር ነገር አለ ተባለ፣ ጠጣር ነገር እጢ ነው ተባለ፣ እጢ ደግሞ ካንሰር ሆነ። የወንድምዎ ሆድ ውስጥ ያለው ጠጣር ነገር ግን የተቆጣ ሥጋ ነው።

እናቶቻችን ይህን ልዩነት ከሐኪም በፊት ያውቁታል። እግር ላይ ወይም ጀርባ ላይ እባጭ ሲወጣ ምን ይላሉ? «ገና ነው፣ አልበሰለም፣ እንዳትነካው።» ሲቀላ፣ ሲጠነክር፣ ሲጠዘጥዝ ማንም አያፈርጠውም። ቀናት አልፈው መሐሉ ሲለሰልስ፣ ጫፉ ነጣ ሲል «አሁን በስሏል» ይባላል፣ ያኔ ይበጣል፣ መግሉ ይወጣል፣ ሰውየውም እፎይ ይላል። ሳይበስል የበጣው ሰው ደም እንጂ መግል አያገኝም፣ ሕመሙንም ያብስበታል። ሐኪም ያልበሰለውን ፍሌግሞን፣ የበሰለውንና መግል የቋጠረውን አብሰስ ይለዋል።

ለተማሪዎቼ ከከተማችን የወሰድኩትን ምሳሌ እነግራቸዋለሁ። በክረምት ወደ ቦዬ ረግረግ ወረድ ብለው ይዩ። መሬቱ ውሃ ጠጥቷል፣ እግር ይሰምጥበታል፣ ግን አንድ ቦይ ቀድደው ውሃውን ላፍስስ ቢሉ የሚፈስልዎ የለም፤ ውሃው ያለው ጭቃው ውስጥ ተሰራጭቶ ነው። አጠገቡ ኩሬ ቢኖር ግን አንድ ቦይ ይበቃዋል። ፍሌግሞን ረግረጉ ነው፣ አብሰስ ኩሬው። ረግረግ ውስጥ መርፌ ሰክተን ብንስብ ምንም አይመጣም። ፀረ ጀርም መድኃኒት ግን ደም ባለበት ሁሉ ስለሚሄድ ረግረጉ ውስጥ ይገባል። ኩሬው ላይ ነው የሚያስቸግረው፤ መግል መሐል የደም ሥር ስለሌለ መድኃኒቱ በቂ ሆኖ አይደርስም። ስለዚህ ለረግረጉ መድኃኒት፣ ለኩሬው ቦይ።

ወደ ወንድምዎ ልመለስ። ትርፍ አንጀት ከእምብርት በታች በቀኝ በኩል ያለ፣ ትንሽ ጣት የሚያህል፣ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ነው። አፉ በደረቀ ዓይነ ምድር ወይም ባበጠ ሥጋ ሲደፈን ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ ጀርም ይራባል፣ ግድግዳው ተወጥሮ ደም ያጥረዋል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን የመጣ ታማሚ ከሆነ ቱቦው ብቻውን ነው የተቆጣው። ከፍቶ መቁረጥ ቀላል ነው፣ እናንተ የምታውቁት የዚያው ዕለት ኦፕራሲዮንም ይህ ነው። ሬጂናልድ ፊትዝ የተባለ የቦስተን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1886 ሕመሙን በስሙ ጠርቶ ቶሎ ይቆረጥ ካለ ወዲህ የዓለም ሐኪሞች የሚከተሉት መንገድ ነው፤ ዛሬም በብዛት የምናደርገው እሱኑ ነው። ማንም ይህን ጽሑፍ አንብቦ የመጀመሪያ ቀን የሆድ ሕመሙን «በመድኃኒት ይበርዳል» ብሎ ቤቱ እንዳይቀመጥ አደራ።

ቀን ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር ይፈጠራል። በግ ያረደ ሁሉ ሞራን ያውቃል፤ ሆዱ ሲከፈት አንጀቱን እንደ ነጠላ አልብሶት የሚታየው ስስ የስብ መጋረጃ ነው። እኛም አለን። ሐኪሞች «የሆድ ፖሊስ» ይሉታል፤ የሆነ ቦታ ብግነት ሲነሳ እዚያ ይጠጋና ይለጠፍበታል። የተቆጣው ቦታ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ውሃና ፕሮቲን ወደ ሥጋው ይሰርጋል፣ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፤ የሰረገው ፕሮቲን ሲረጋ እንደ ሙጫ ያጣብቃል። ሞራው፣ ትልቁ አንጀት፣ የትንሹ አንጀት እጥፋቶች ሁሉ በትርፍ አንጀቱ ላይ ተደራርበው ይጣበቃሉ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ፣ ቡጢ የሚያህል ድዱር ነገር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ትርፍ አንጀቱ ትንሽ ተበስቶ ይሆናል፤ ሰው «ፈነዳ» የሚለው ማለት ነው። ሰውነቱ ግን ቀዳዳውን ጠቅልሎ ዘግቶታል፣ ቆሻሻው ወደ ሆዱ ሁሉ እንዳይበተን አጥሮታል። 6ኛው ቀን ላይ የመጣ ሰው ላይ ይህ ሲገኝ የሚገርም አይደለም።

ለምን አይቆረጥም ላሉት፣ ያጠፋሁትን ልንገርዎ። የቀዶ ሕክምና ትምህርቴን እንደጨረስኩ በተመደብኩበት ከከተማ የራቀ ሆስፒታል አንዲት የ19 ዓመት ልጅ በ7ኛ ቀኗ መጣች። ሆዷ በቀኝ በኩል ደድሯል። ቤተሰቡ «ቶሎ አድርግላት» ብሎ ተማጸነ፣ እኔም ጉጉት ነበረኝ፣ ከፈትኩ። ትርፍ አንጀቱን ላየው አልቻልኩም። ሁሉም ነገር አንድ ቀይ፣ ያበጠ፣ ደም የሚያዥ እብጥ ሆኖ ተቀበለኝ። በጣቴ ለመለያየት ስሞክር የትልቁ አንጀት ግድግዳ ተቀደደ። ልሰፋው ሞከርኩ፤ የበገነ አንጀት ክር አይይዝም። ወጥ የጠጣ እንጀራ በመርፌና በክር ለመስፋት ቢሞክሩ የሚሆነው ነው፤ ክሩን ሲያጠብቁት ይቆርጠዋል። ቀዳዳው አልያዘም፣ ልጅቷ ዓይነ ምድር በቁስሏ እየወጣ ሁለት ወር አልጋ ላይ ቆየች። ተርፋ ወደ ቤቷ ሄዳለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰውነቷ ራሱ አጥሮ ያቆመውን ነገር ያፈረስኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ሆድ ላይ ድዱር ነገር ስዳስስ እጄ ቀድሞ አይቸኩልም።

«ኦፕራሲዮን አልተደረገም» ማለት «አልታከመም» ማለት አይደለም። ይህ አካሄድ አሜሪካዊው አልበርት ኦክስነርና እንግሊዛዊው ጄምስ ሼረን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያስተማሩት ነው፣ ገና ፀረ ጀርም መድኃኒት ሳይኖር። ምግብ ከልክለው፣ አስተኝተው፣ ልብ ምትና ትኩሳት እየቆጠሩ ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉ ፀረ ጀርሞች በደም ሥር አሉን፣ ብዙ ሰው «ግሉኮስ» የሚለው ፈሳሽ አለን፣ አልትራሳውንድ አለን። የተሟላ መሣሪያ ባለባቸው ቦታዎች ሠልጥነው የቆዩ ሐኪሞች ፍሌግሞንንም በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብተው፣ የሚያወጡበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ላይ በሙያው ውስጥ ክርክሩ አላለቀም። እኔ የምወግነው ለመጠበቁ ነው፣ በተለይ ታማሚው እየተሻለው ከሆነ።

መጠበቅ ሲባል ግን ዝም ብሎ መተው አይደለም። ትናንት ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ታማሚዎቹን በየአልጋቸው እየዞርን ስናይ፣ ያደረግነውን ልንገርዎ። ከሊሙ የመጣ ወጣት ነው፣ እንደ ወንድምዎ ፍሌግሞን ያለበት። በገባ ዕለት ድዱሩ የሚያልቅበትን ዳር በጣቴ እየዳሰስኩ ቆዳው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ዙሪያውን አሠመርኩለት። ከላይ እምብርቱ አጠገብ ደርሶ ነበር፣ ከታች የዳሌ አጥንቱን ነክቶ። በ3ኛው ቀን ድዱሩ ከመስመሩ ወደ ውስጥ አንድ ጣት ገብቷል። ትናንት ደግሞ ሁለት ጣት ተኩል። ልብ ምቱ ከ112 ወደ 84 ወርዷል፣ ሾርባ ጠጥቶ ሽንት ቤት በእግሩ ሄዷል። አባቱ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ «ከዚህ እዚህ?» አለኝ። አዎ፣ ከዚህ እዚህ። ለእኔ ከብዙ ምርመራ የምትበልጥብኝ ይህች መስመር ናት።

ተቃራኒው ሲታይ ሐሳባችንን እንቀይራለን። ድዱሩ ከመስመሩ ውጪ ከወጣ፣ ትኩሳቱ ወርዶ እንደገና ማታ ማታ ከወጣ፣ የልብ ምቱ ቀን በቀን ከጨመረ፣ ብርድ ብርድ እያለው ከተንቀጠቀጠ፣ ረግረጉ ኩሬ ሆኗል፣ መግል ቋጥሯል ብለን አልትራሳውንዱን እንደግማለን። ሰው የማያስተውለው አንድ ምልክት አለ። ታማሚው ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት እየሄደ ንፍጥ የመሰለ ጥቂት ነገር ብቻ የሚወጣው ከሆነ «ተቅማጥ ጀመረው» ብለው አይለፉት፤ መግል ወደ ታች ወርዶ ፊንጢጣውን እየነካው ሊሆን ይችላልና ለተረኛው ሐኪም ይንገሩ። ቋጥሮ ከተገኘ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይቀዳል ወይም ቱቦ ይገባለታል፣ ካልሆነ በትንሽ ቀዳዳ ይፈሳል። ሆዱ በሙሉ እንደ ጣውላ ከደረቀ ደግሞ አጥሩ ተጥሷል ማለት ነውና መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ሰዓት ይከፈታል።

«መግል ከሌለ ለምን ኢንፌክሽን ይሉታል?» ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ብግነትና ኢንፌክሽን አንድ አይደሉም። ኢንፌክሽን የጀርም መግባት ነው፤ ብግነት የሰውነት መልስ ነው። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ፣ ሪህ የያዘው አውራ ጣት ይበግናሉ፣ ጀርም ግን የለባቸውም። በወረቀት ላይ መጨረሻው «አይቲስ» የሚል የሕመም ስም ካዩ፣ ቶንሲላይቲስም ይሁን ጋስትራይቲስ፣ የዚያ ቦታ ብግነት ማለት ነው። የወንድምዎ ፍሌግሞን ግን ከአንጀት ጀርም የመጣ በመሆኑ ሁለቱም አለበት፣ ለዚህ ነው ፀረ ጀርሙ።

አሁን አንድ ጥንቃቄ። ፍሌግሞን የሚለውን ቃል ሌላ ሰው ወረቀት ላይ አይተው «የወንድሜም በመድኃኒት ሄዷል» ብለው እንዳይመክሩ። ቃሉ ያለበት ቦታ ትርጉሙን ይለውጠዋል። ከታችኛው መንጋጋ የተበላሸ ጥርስ ተነስቶ ከምላስ ሥር የሚገባ ብግነት አለ። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሪድሪኽ ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 ስለጻፈበት «የሉድቪግ አንጃይና» ይባላል። እሱም ከአገጭ ሥር እንደ እንጨት ይደድራል፣ መግልም ላይቋጥር ይችላል። ግን ምላስን ወደ ላይ እየገፋ የአየር ቧንቧን ስለሚዘጋ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል። ጥርሱን አሞት የቆየ ሰው ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከታፈነና አንገቱ ከደደረ ማታ ነው ጠዋት ነው ሳይሉ ባጃጅም ቢሆን ይዘው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ። የእጅ ጣት ጅማት ሽፋን ውስጥ የገባ ብግነትም እንዲሁ ነው፤ ቀናት ከተሰጠው ጣቱን ዳግም ላያጥፍ ይችላል፣ ስለዚህ ቶሎ ይከፈታል።

ሐኪሞችም ቃሉን አንድ ዓይነት አንጠቀምበትም። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ የተማሩ ታላላቆቻችን ፍሌግሞን ሲሉ ከቆዳ ሥር ድንበር ሳያበጅ እየተዛመተ የሚሄድ፣ መግልነት ያለው ብግነት ማለታቸው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሰፊ ቀዶ ያደርጋሉ። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተማርን ቆዳ ላይ ያለውን ሴሉላይቲስ እንለዋለን፣ ፍሌግሞንን ለሆድ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። የሁለት ሆስፒታል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው አንዱ «ይከፈት» ሌላው «ይጠበቅ» ሲል ሐኪሞቹ የተጣሉ ሊመስለው ይችላል፤ አንዳንዴ የተለያየው ቃሉ ብቻ ነው። ቆሽት ላይ ደግሞ ቃሉ ጭራሽ እንዲቀር ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ፣ አትላንታ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች «የቆሽት ፍሌግሞን» ማለት ለአንዱ ያበጠ፣ ለሌላው የሞተ፣ ለሦስተኛው መግል የያዘ ቆሽት እየሆነ አደናግሯልና አንጠቀምበት ብለው መከሩ። ልክ ነበሩ። «ቆሽቴ አረረ» ስንል ንዴታችንን ለመግለጽ ይበቃል፤ ለሕክምና ግን ቆሽቱ ያበጠ ነው ወይስ የሞተ የሚለው መታወቅ አለበት።

እኛ አገር ላይ የትርጉም ነገር በአንድ ቋንቋም አያልቅም። ከማና፣ ከሰቃ፣ ከጎማ የሚመጡ ብዙ ታካሚዎቻችን ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። በኦሮምኛ መግል የሚባለው ቃል ለአማርኛ ጆሮ «መላ» ሆኖ ይሰማል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ሐኪም ለታማሚው እናት በኦሮምኛ፣ አጠገባቸው ለቆሙት አክስት ደግሞ በአማርኛ እየቀላቀለ ሲያስረዳ «መላ የለውም» አለ። መግል የለውም ማለቱ ነበር፤ መልካም ዜና ነው። እናትየው ፊታቸው ሲፈካ፣ አክስትየው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። መላ የለውም፣ ማለትም መድኃኒት የለውም፣ አበቃለት ብለው ሰምተውት። ደርሼ እስካስረዳቸው ድረስ ኮሪደሩ ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍላችን ለቤተሰብ የምንለው በሁለቱም ቋንቋ ተለይቶና ተሟልቶ ነው፤ በአማርኛ «በግኗል፣ ደድሯል፣ መግል ግን አልቋጠረም» እንላለን። ፍሌግሞን የሚለው ለወረቀቱ ይቆይ። ሰው የሚረዳውን ቃል ትቶ የማይረዳውን ለቤተሰብ መወርወር የሚያስጨንቀው እንደ እናንተ ያለውን አስታማሚ ነው፣ ይህን ለባልደረቦቼም እላለሁ።

ወንድምዎ ከተሻለው ወደ ቤት ይላካል፣ መድኃኒቱንም በአፍ ይቀጥላል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ትርፍ አንጀቱ ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለው ነው። ቀደም ሲል ሁሉንም ከ6 እስከ 8 ሳምንት አቆይተን እናወጣ ነበር። አሁን ብዙዎቻችን ከታማሚው ጋር ተነጋግረን ነው የምንወስነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ዳግመኛ አያመውም፣ ከ10 ሰው በ1 ወይም በ2 ያህሉ ላይ ነው የሚመለሰው። ከሆስፒታል ርቆ የሚኖር፣ በክረምት መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና የማያገኝ ሰው ከሆነ ግን እኔ ማውጣቱን እመርጣለሁ። ከአጋሮ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ውሳኔውን ይለውጣል።

ዘመዶቻችሁ ስለ ካንሰር ያሉትን ሙሉ በሙሉ ገፍቼ አላልፍም፤ አንድ እውነት ስላለበት። ዕድሜው ከ40 በላይ በሆነ ሰው ላይ የትልቁ አንጀት መነሻ ክፍል ላይ የሚወጣ ካንሰር ራሱን ፍሌግሞን አስመስሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለእነዚያ ብግነቱ ከጠፋ በኋላ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት) ወይም ሲቲ ስካን እናዛለን። በ31 ዓመት ይህ የመሆኑ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። እኛ አገር ከካንሰር ይልቅ መርሳት የሌለብን የአንጀት ቲቢ ነው፤ ቦታው እዚያው፣ የሚዳሰሰውም ድዱር ተመሳሳይ ነው። ወንድምዎ ከዚህ ሕመም በፊት ለወራት ሲከሳ፣ ማታ ማታ ሲያልበው፣ ሆዱን እየያዘ ሲለቀው ከነበረ ለሐኪሙ ሳይጠየቁም ይንገሩ። ድዱሩ በመድኃኒቱ ከሁለት ሳምንት በኋላም ፈቀቅ ካላለም ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

እስከዚያ ድረስ ከእናንተ የምፈልገው ጥቂት ነው። ከቤት ፌጦም ሆነ ሌላ ነገር በጥብጣችሁ አታጠጡት፤ ምግብ ሲፈቀድለት ሐኪሙ ይነግራችኋል። ሆዱን ማንም አይሸው፣ ወጌሻም ቢሆን፣ በቅቤም ቢሆን፤ ያ የተለጠፈ ሞራ ነው ያተረፈው፣ መታሸት ሊያላቅቀው ይችላል። የአልትራሳውንዱን ወረቀት አትጣሉት፣ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከሳምንታት በኋላ የሚያየው ሐኪም ሌላ ሊሆን ይችላል። ነገ ራውንድ ሲመጣም «እጢ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «ቋጥሯል ወይስ አልቋጠረም? ከትናንቱ አንሷል?» ብለው ይጠይቁ። ሆዱ ላይ በእስክሪብቶ የተሠመረ መስመር ካለ ደግሞ ገላውን ስታብሱት እሱን እንዳታጠፉት፤ ከሌለ እንዲያሠምሩለት ይጠይቁ።